በአማት ፊት የማይነበብ መጽሐፍ

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ሚዛን ላይ ወጥቼ ኪሎዬ ከቀነሰ ሚዛኑን እጠረጥራለሁ፤ ከጨመረ ደግሞ ባለሚዛኑን። እንጀራዬም ከዚሁ ነው። ቃሊቲ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የማታ ተረኛ ሆኜ የጀሪካን ጥራት እቆጣጠራለሁ። ሌላው ሰው ጀሪካን ሲያይ ጀሪካን ያያል፤ እኔ የማየው የት ጋ እንደሚያፈስ ነው። እንግዲህ እኔን የመሰለውን ሰው የሚጠረጥር ሰው ከተገኘ ከኔ የባሰ መሆን አለበት። ተገኝቷል። አማቴ ናቸው። የጠረጠሩኝም በገንዘብ ወይም በሴት ቢሆን ደንቡ ነው ብዬ በተውኩት ነበር። ሰው አይደለህም ብለው ነው የጠረጠሩኝ።

ከስሩ ላውራችሁ።

ባለቤቴ ሐያት የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሆዷ መግፋት ሲጀምር እናቷ እማማ ዘሀራ ከኮምቦልቻ መጡ። የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማማ ዘሀራ ደረጃውን ጨርሰው፣ በሩን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ፣ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ።

«የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት።»

«መቼ ይመልሷታል?» አልኩ።

«አላህ ባለው ቀን።»

አላህ ያለው ቀን መልካም ቀን መሆኑን አልጠራጠርም፤ የሰው ልጅ ቀን ሳይቆርጥ ሲቀር ነው የምጠራጠረው። ቀን ያልተቆረጠለት ነገር እንዴት እንደሚከርም የኮንዶሚኒየም ዕጣ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። ልጄ ኮምቦልቻ ተወልዶ፣ ኮምቦልቻ ጥርስ አብቅሎ፣ «አባትህ የታል?» ሲሉት ስልክ ላይ ያለውን ፎቶዬን በጣቱ ሲጠቁም ታየኝ። ሐያትን ወደ ጓዳ ጠርቼ አማከርኳት።

«እኔማ እዚሁ ብወልድ ነው ደስ የሚለኝ» አለች። «ግን እማን እምቢ ማለት አልችልም።»

እኔም አልችልም። እማማ ዘሀራ ቁጣ አያውቁም፤ ቀስ ብለው፣ አንቱ ብለው ነው የሚያሸንፉት። እሳቸው እኔን አንቱ ይሉኛል፣ እኔም እሳቸውን አንቱ እላቸዋለሁ። ቤታችን ሁለት ኤምባሲ የሚደራደርበት አዳራሽ ሆነ።

በዚህ ላይ የምግብ ጉዳይ አለ። እኔ ትውልዴ ስልጤ፣ እድገቴ አቃቂ ነው፤ የወሎን የአማትና የአማች ወግ አላውቅም። ስለዚህ ይመር የሚባለውን ወሎዬ የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅኩት። ይመር ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አደራህን አማትህ ፊት እህል እንዳትቀምስ» አለኝ። «እኛ ዘንድ አማቱ ፊት የጎረሰ አማች ሚስቱን ፈትቷል ማለት ነው።» እኔ ሚስቴን ላለማጣት ነው እንቅልፍ ያጣሁት! ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ አፌን ዘጋሁ። ምሳ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» እልና ወርጄ ግቢው በር ላይ ካለው ሱቅ ዳቦ በሙዝ ቆሜ እበላለሁ። የሚገርመው፣ እሳቸውም እኔ ፊት አይበሉም። ማዕድ ሲቀርብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መለስ አድርገው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ሐያት ለሦስት ሰው አቅርባ ብቻዋን ትበላለች። ለሁለት ነፍስ መሆኑ በጀ።

ከዚህ ሁሉ መሀል መጽሐፍ ገባ። መጽሐፍ ስል ቁም ነገር ያለበት እንዳይመስላችሁ።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር አልማዝ የምትባል ጎረቤት አለችን። ሳሪስ አቦ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ ሲመሽ ሲነጋ አውቶቡስ ላይ መጽሐፍ ታነባለች። ለሐያት ያዋሰቻት «ጥላ የሌለው ሙሽራ» የሚባል፣ ሰባት ክፍል ያለው ልብ ወለድ ነበር። ታሪኩ ማህደር ስለምትባል ፎቶ አንሺ ነው። ማህደር ዮናታን የሚባል ቆንጆና ዝምተኛ ሰው ታገባለች፤ የሰርጓን ፎቶ ስታጥብ የሁሉም ሰው ጥላ አለ፣ የሙሽራው ግን የለም። ከዚያ በከተማው ሰው እየተሰወረ ይጠፋል፤ ገዳዩ ባሏ ይሁን ሌላ አይታወቅም፤ እሷ ደግሞ እየፈራችው ትወደዋለች፣ እየወደደችው ትፈራዋለች። እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው «በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳ» በሚል ነው። ማን እንዳንኳኳ ለማወቅ የሚቀጥለውን ክፍል ከአልማዝ መለመን ያስፈልጋል። አልማዝም ያለፈውን ሳትቀበል የሚቀጥለውን አትሰጥም፤ ስትቀበልም መኪናውን እንዳከራየ ሰው ዙሪያውን እያገላበጠች ጭረት ትፈልጋለች።

«ምኑ ነው የሚጥምሽ?» ብዬ ሐያትን ጠየቅኳት አንድ ቀን። «ጥላ የሌለው ባል!»

«ጥላ ባይኖረውም ስታወራ ያዳምጣታል» አለችኝ ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል። «አንተ ጥላ አለህ፤ ጆሮ የለህም።»

ሐያት መጀመሪያ ላይ ለእናቷ ጮክ እያለች ታነብላቸው ነበር፤ እማማ ዘሀራ ዓይናቸውን ሞራ ስለጀመራቸው ፊደሉ ይደበላለቅባቸዋል። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ በሩ ሲንኳኳ፣ እማማ ዘሀራ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መቱና «ይቺን ነገር ሳልጨርስማ ንቅንቅ አልልም!» አሉ። ይኼኔ ነው ጆሮዬ የቆመው። ሰባት ክፍል! ረጋ ተብሎ ከተነበበ ሐያት ዘጠኝ ወር ትገባለች፤ ዘጠኝ ወር የገባችን ሴት በአውቶቡስ ኮምቦልቻ የሚወስድ ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ሐያት ስታነብ ራሷን እንደሚያዞራት ስትናገር ከአፏ ቀበል አድርጌ፣ «አይዞሽ፣ እኔ አነብላቸዋለሁ» አልኩ። ባለቤቴ በጥርጣሬ አየችኝ። አልተሳሳተችም።

እና ማንበብ ጀመርኩ። ከፋብሪካ ጠዋት እገባለሁ፣ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ተነስቼ ሶፋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። እማማ ዘሀራ ማዶ ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ። ሁለተኛው ክፍል የሙሽራውን ምልክቶች ይዘረዝራል። ቀን ይተኛል። ሰው ፊት እህል አይቀምስም። ጤና አዳም ሲሸተው ያስነጥሰዋል። አራተኛው ምልክት በኋላ ይገለጣል ይላል መጽሐፉ። ይህን ሁሉ በገዛ አፌ፣ ድምፄን እያሳመርኩ አነበብኩላቸው። የራሴን ክስ ማንበቤን አላወቅኩም።

ችግር የገጠመኝ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። ማህደርና ዮናታን ሐይቅ ላይ በጀልባ ይሄዳሉ፤ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ውሃው ጸጥ ይላል። ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ አንድ መስመር ወረደና ምን እንደሚመጣ አየ። ሊሳሳሙ ነው! እኔ ደግሞ አማቴ ፊት ነኝ። እህል እንኳ ያልቀመስኩባቸውን ሴትዮ ከንፈር ላስቀምሳቸው? ላብ አጠመቀኝ። ሳልኩ። እንደገና ሳልኩ። እማማ ዘሀራ ቀና ብለው «ምን ሆነ? ጀልባው ተገለበጠ?» አሉ።

«የለም፣ የለም» አልኩ። «ዮናታን ወደ ማህደር ጠጋ አለ፤ ጠጋ ብሎም... ሻይ ቀዳላት።»

«ጀልባ ላይ?»

«ፔርሙዝ ይዘው ነበር።»

ይህን ብዬ ልገላገል ስል መጽሐፉ አልለቀቀኝም። ለካ አራተኛው ምልክት እዚህች መሳሳም ውስጥ ተደብቋል፤ የዮናታን ከንፈር እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ማህደርም በድንጋጤ ትጮሃለች። ከንፈሩን ካወጣሁ ጩኸቱን የት ላድርገው? እኔ ደግሞ ሥራዬ ላይ ታማኝ ነኝ፤ ቅዝቃዜውን ወደ ሻይው አዛወርኩት። «ማህደር ሻይውን ቀመሰች። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል! ኡ! ብላ ጮኸች» ብዬ አነበብኩ።

እማማ ዘሀራ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብላ ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

«እንግዲህ የከተማ ልጅ ናት።»

«ቅብጥብጥ ናት» አሉና ተቀየሟት።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ያለ ቅጥ ሻይ ጠጡ። በአራተኛው ክፍል ብቻ የጠጡት ሻይ ለአንድ የመኪና መናኸሪያ ይበቃል። ደረጃ ላይ ጠጡ፣ ዝናብ ላይ ጠጡ፣ አንዴማ መብራት አጥፍተው ጠጡ። ማህደር ስታረግዝ እማማ ዘሀራ ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው፣ «እኔን የሚገርመኝ» አሉ፣ «እነዚህ ሰዎች ሻይ ከመጠጣት ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ይቺ ልጅ መቼ አረገዘች?» እኔም «ደራሲው አልጻፈውም» አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ እያደር ከበደ።

መዝለሉ ደግሞ ሌላ ጉዳት አመጣ። መሳሳሙን እየዘለልኩ ስሄድ መጽሐፉ እየሳሳ፣ ገጹ እየሮጠ መጣ። ሐያት ገና ስምንት ወር ሳትሞላ አምስተኛው ክፍል ሊያልቅ ሆነ! ስለዚህ ከራሴ መጨመር ጀመርኩ። ምን ልጨምር? ግድያ አላውቅም፣ መንፈስ አላውቅም። የማውቀው የአቃቂን ኑሮ ነው። ዮናታን ጥላ ባይኖረውም መታወቂያ ያስፈልገዋል ብዬ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ላኩትና ወረፋ አስያዝኩት። መስኮት አንድ ወደ መስኮት ሁለት ላከው፤ መስኮት ሁለት ወደ መስኮት ሦስት። መስኮት ሦስት ላይ ወይዘሮ በላይነሽ የምትባል ቆሎ የምትቆረጥም ሴት አስቀመጥኩ። ስትናደድ ቆሎውን ትተወዋለች፤ ያኔ ወረፋው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሙሽራው ከተማውን ሁሉ ያስፈራል፣ ወይዘሮ በላይነሽን ግን ይፈራል።

እማማ ዘሀራ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። «ይሄ ደራሲ አሁን ገና ኑሮ ገባው!» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ምን ዋጋ አለው፣ ያመሰገኑት እሱን ነው።

ታዲያ እየሰሙኝ ያዩኝ ነበር። በመጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ጤና አዳም በዛ። መስኮቱ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ትራሴ ስር ሳይቀር ቅንጣቢ ጤና አዳም ይገኛል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ጤና አዳም አይስማማኝም። በገባሁ ቁጥር አስነጥሳለሁ፤ ባስነጠስኩ ቁጥር እማማ ዘሀራ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቁርኣን ይቀራሉ። ቀጥሎ ወደ በረንዳ መጥራት ጀመሩ። «እስቲ ወዲህ ይምጡ፣ ያ የሚታየው ኮዬ ፈጬ ነው?» ይሉኛል፤ እወጣለሁ፤ እሳቸው ግን ኮዬ ፈጬን ትተው እግሬ ስር ይመለከታሉ። ወሩ ሐምሌ ነው። እንኳን የኔ የፎቁም ጥላ የለም፤ ሰማዩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ቀና ብለው አይተውኝ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይገባሉ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከእንቅልፌ ስነሳ ስልክ ላይ ሲያንሾካሹኩ እሰማለሁ፤ ሳል ካልኩ ይዘጋሉ። ከበሩ ኋላ የሐያት ልብስ የታጨቀበት ሻንጣ አገኘሁ። ደግሞስ እኚህ ሴትዮ ምን እየበሉ ነው የሚኖሩት? ከመጡ ጀምሮ አንዲት ጉርሻ ሲጎርሱ አላየሁም። መጽሐፉ ለካ እኔንም ይዞኛል። ፋብሪካ ውስጥ ጀሪካን እያገላበጥኩ፣ አማቴ ቀን ይተኙ እንደሆነ አሰላስላለሁ። ቀን የምተኛው እኔ ስለሆንኩ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

የፈሩት ይደርሳል። ስድስተኛው ክፍል ባለቀ ማግስት እማማ ዘሀራ ልብስ ሊያሰጡ ወርደው አልማዝን አገኟት። ሁለቱም ያንን መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ናቸውና ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። እማማ ዘሀራ ማህደርን በሻይ ነገር አሟት። አልማዝ ደግሞ፣ «የምን ሻይ ነው እማማ?» አለችና ጀልባው ላይ የሆነውን ከከንፈር እስከ ጩኸት ነገረቻቸው።

ከእንቅልፌ ስነሳ ሳሎን ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ጠረጴዛው ላይ ሰሃን ተከድኗል።

«አንቱ» አሉኝ።

«አቤት።»

«ማህደር ጀልባው ላይ የጮኸችው ለምን ነበር?»

«ሻይው ቀዝቅዞባት።»

«ከንፈሩ አይደለም?»

ግድግዳውን አየሁ።

«መሳሳሙን መዝለልዎን አልቀየምም፤ ማፈር ደግ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ግን የከንፈሩን ቅዝቃዜ ለምን ደበቁኝ? ሦስቱን ምልክት ነግረውኝ አራተኛውን የደበቁት ለምንድነው? ቀን ይተኛሉ። እህል ሲቀምሱ አይቼ አላውቅም። ጤና አዳም ያስነጥስዎታል። የቀረችው አንዲቷ ነበረች፤ እሷን ሻይ አደረጓት!»

«እማማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው!»

«መሆኑን አውቃለሁ። የሚጽፈውስ ሰው ከየት አይቶ ነው?» አሉና ሰሃኑን ከፈቱት። ምስር ወጥ፣ ስንግ ቃሪያ፣ ከጎኑ ጤና አዳም የተነሰነሰበት አይብ። «ሰው ከሆኑ ቢስሚላህ ብለው ይብሉ።»

አሁን ጭንቀቴን አስቡት። ባልበላ ሰው አይደለሁም፤ ብበላ፣ ይመር እንዳለው፣ ሚስቴን ፈትቻለሁ። ይቺ የአማት ፈተና ናት ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ ምራቄን ዋጥ አድርጌ፣ «ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

እማማ ዘሀራ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ከነወንበራቸው ወደ ኋላ አሉ።

«ብላ!» የሚል ጩኸት ከመኝታ ቤት መጣ። ሐያት ሆዷን ደግፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«እዚህ? እሳቸው ፊት?»

«ብላ አልኩህ!»

ጎረስኩ። ከድንጋጤዬ የተነሳ የጎረስኩት ቃሪያውን ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ጤና አዳሙ አፍንጫዬ ገባ፣ ሳልኩ፣ አስነጠስኩ፣ ትን አለኝ። እማማ ዘሀራ አዑዙውንም ጥርጣሬውንም ረስተው ተንደርድረው መጡና ጀርባዬን ደበደቡኝ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«ትኩስ ነው» አሉ ለሐያት፣ ከገበያ የመጣ ዳቦ የሚገመግሙ ይመስል። «ሰው ነው።»

እኔ ግን ትንፋሼ ሲመለስ ጥርጣሬዬም አብሮ ተመለሰ። «አሁን ደግሞ እርስዎ ይብሉ» አልኩ። «ስድስት ክፍል ሙሉ ሲጎርሱ አላየሁም።»

ዓይናቸው ፈጠጠ። «እኔማ የስልጤ አማት አማቿ ፊት አትበላም ብለውኝ ነው! ነውር እንዳልሠራ ብዬ፣ በረሃብ እየሞትኩ!»

«እኔም የወሎ አማች አማቱ ፊት አይበላም ብለውኝ ነው!»

«ማን አለዎት?»

«ይመር።»

«ይመር አማት አለው?»

ሐያት ከኛ ቀድማ ሳቀች። ይመር እንኳን አማት እጮኛ የለውም። ከአንድ ሰሃን ቀርበን በላን። እማማ ዘሀራ ሲበሉ አየሁ፤ በጣም ይበላሉ። ታረቅን ብዬ ደስ ሊለኝ ስል እጃቸውን ታጥበው፣ «ሰው መሆንዎን አየሁ። ልጄን ግን እወስዳለሁ» አሉ። «የወንድሜ ልጅ የኮምቦልቻ መስመር ሹፌር ነው፤ ነገ ጠዋት በር ድረስ መኪና ያመጣል። መጽሐፉን ማታ ሐያት ታስጨርሰኛለች። ሳትዘል።»

ለካ የስልኩ ሹክሹክታ ይሄ ነበር። ጠርጥሬ ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። ያን ምሽት ፋብሪካ ውስጥ ስንት የሚያፈስ ጀሪካን እንዳሳለፍኩ አላህ ይወቀው። ልቤ ራሱ ያፈስ ነበር፤ ባዶ ቤት ሊጠብቀኝ ነው እያልኩ ነው የነጋው።

ጠዋት ስገባ ሻንጣዎቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል። ሐያት ዓይኗ አብጧል። እማማ ዘሀራ ጫማቸውን አድርገው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ግን ጥሩ አይደለም።

«ጨረሳችሁ?» አልኩ።

«ጨረስን» አሉ። «ገዳዩ ፖሊሱ ነው። ሙሽራው ጥላውን አገኘ። ተሳሳሙ።»

«ታዲያ?»

«መታወቂያውስ?»

«የምን መታወቂያ?»

«ወረፋ ይዞ አልነበረም እንዴ! ወይዘሮ በላይነሽስ የት ገባች? ልጄ የዘለለች መስሎኝ ደግማ ደጋግማ አስነበብኳት፤ የለም። ሰውየውን መስኮት ሦስት ላይ ገትሮት እንዴት ይጨርሳል?»

ሐያት ወደኔ ዞረች። ወይዘሮ በላይነሽን ማን እንደወለዳት ገብቷታል። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የወንድማቸው ልጅ ደርሷል። እውነቱን ከተናገርኩ የሚቀረው ሻንጣ ማውረድ ብቻ ነው። ሚስቴን አየኋት፤ ሆዷን አየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን መጽሐፍ አነሳሁና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሷ የዘለለችው ይኸው እዚህ አለ» አልኩ። ከዚያም ማንበብ ቀጠልኩ። «ሙሽራው በማለዳ ተነስቶ መስኮት ሦስት ደረሰ። ወይዘሮ በላይነሽ ቆሎዋን አስቀመጠች። ቀና ብላም አየችው። ‹ሲስተም የለም› አለችው። ‹ነገ ተመለስ።›»

ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። እማማ ዘሀራ ብድግ ብለው ወደ በረንዳው ወጡ።

«ሲስተም የለም!» ብለው ወደ ታች ተጣሩ። «ነገ ና!»

በነጋታው መጣ። ሲስተም አልነበረም። ከዚያም ወዲያ ሲመጣ ሲስተሙ መጥቶ መብራት ሄዶ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ወይዘሮ በላይነሽ ስብሰባ ገባች። ሹፌሩ በመጨረሻ መምጣቱን ትቶ እየደወለ «ዛሬስ አለ?» ብቻ ይል ጀመር። እንዲህ እንዲህ ስንል አንድ ቀን፣ ሙሽራው ፎቶህ ልክ አይደለም፣ ተመለስ ሲባል፣ ሐያት ከመኝታ ቤት ተጣራች፤ የዚያኑ ዕለት እዚሁ አቃቂ ሴት ልጅ ወለደች። ሳቅፋት እንባዬ መጣ፤ ቃሪያ ነው ብዬ አላመካኘሁም።

ከሆስፒታል ከተመለስን በኋላ እማማ ዘሀራ ልጅቷን ታቅፈው ተቀምጠው ሳለ፣ ልማዴን ይዤ መጽሐፌን ገለጥኩ። «መስኮት ሦስት ላይ...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ዓይኔ ፊደል ይደበላለቅበታል እንጂ ሥዕል ያያል» አሉ። «ያ የሚያነቡልኝ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለበት።»

መጽሐፉን ገልብጬ አየሁት። የስቶቫችን መመሪያ ነው። እውነተኛውን ሰባተኛ ክፍል ለካ አልማዝ ያን ጠዋት ሥራ ስትሄድ ወስዳዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» አልኩ ፊቴ እየጋለ።

«ከጥሩምባው ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

እማማ ዘሀራ የልጅቷን መጠቅለያ አስተካከሉ። «ሚስቱን ላለማስወሰድ ይህን ያህል የሚዋሽ ሰው» አሉ፣ «ጥላ ባይኖረውስ ምን ገዶኝ?» ከዚያም ከጎናቸው የነበረውን የምሳ ሰሃን በአንድ እጃቸው ገፋ አድርገው ወደኔ አስጠጉልኝና፣ «በል ብላ፣ ልጄ» አሉኝ።

ቀረብ ብዬ በላሁ። ከብዙ ቀን በኋላ ፀሐይ ወጥታ በመስኮቱ ገብታ ነበር። ስጎርስ ግድግዳውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ጥላዬ አለ። ከዚያ ቀስ ብዬ የእሳቸውንም አየሁ።